ተንከራታቾቹ ከዋክብት፤ የሥርዓተ ፀሐይ ዕውቀት ታሪክና በግእዝ መጻሕፍት የቀረው ፈለጉ

ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከአንድ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ከሆኑ የኔታ ጋር በደጀ ሰላም ተቀምጠን ስንጨዋወት መሸብን። የዚያች ሌሊት ጨረቃ ስንት እንደ ሆነች ብጠይቃቸው ወደ ሰማይ ቀና ሳይሉ የጣቶቻቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ በልባቸው ቆጠሩና ወዲያው ነገሩኝ። ከጨረቃዋ ጥቂት ራቅ ብሎ የነበረውን፣ ከሌሎቹ ሁሉ በብርሃኑ የሚበልጠውን ኮከብ ስም ብጠይቃቸው ግን፣ ያ የኮከብ ቆጣሪ ነገር እንጂ የእኛ ትምህርት አይደለም ብለው ነገሩን ዘጉት። ኮከቡ በዐውደ ነገሥት መሽተሪ፣ በአውሮፓውያን ቋንቋ ጁፒተር የሚባለው ነበር።

ይህ መልስ ለረጅም ጊዜ ከልቤ አልወጣም። ምክንያቱም በሀገራችን የሰማይ ዕውቀት በሁለት ወገን ተከፍሎ እንደ ኖረ በአጭር ቃል የሚገልጽ ነው። የፀሐይና የጨረቃ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በክብር ተጠብቆ ቆየ፤ የቀሩት አምስቱ ዘዋሪ ከዋክብት ደግሞ ለጥንቆላ መጽሐፍ ተተዉ። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው ይህ መለያየት ከወዴት እንደ መጣ፣ ደግሞም እነዚያው የተናቁት ከዋክብት በሌላ አገር የሥርዓተ ፀሐይን ምሥጢር እንዴት እንደ ከፈቱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሌሊት ሰማይን ለሚመለከት ሰው ከዋክብት ሁሉ እንደ አንድ መንጋ ሆነው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ አንዱ ከሌላው ያለው ርቀት ከትውልድ እስከ ትውልድ አይለወጥም። ከዚህ ሥርዓት የሚወጡ በዓይን የሚታዩ ሰባት ብርሃናት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ዐጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪና ዙሐል ናቸው። እነዚህ ዛሬ ከአንዱ ኮከብ አጠገብ ቢታዩ ከወር በኋላ ከሌላው አጠገብ ይገኛሉ። ግሪኮች ፕላኔት የሚለውን ስም ያወጡላቸው ስለዚህ ነው፤ ትርጓሜው ተንከራታች ማለት ነው። ፀሐይና ጨረቃ ግን ምንም እንኳ ቢንከራተቱ ወደ ኋላ አይመለሱም፤ መንገዳቸው ቀጥ ያለ ነው። አምስቱ ይሄዱና ይቆማሉ፤ ከቆሙ በኋላ ወደ መጡበት ይመለሳሉ፤ እንደ ገና ዞረው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ጠቅላላው ጥያቄ የተነሣው ከዚህ ጠባያቸው ነው።

ስለ ሰማይ ብርሃናት በግእዝ ከተጻፈው ሁሉ ቀዳሚነት ያለው መጽሐፈ ሄኖክ ነው። መጽሐፉ ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሶ ሙሉው በኢትዮጵያ ብቻ ተጠብቆ መገኘቱ ይታወቃል። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በጎንደር ዘመን ከኢትዮጵያ ቅጂዎቹን ይዞ በ1773 ወደ አውሮፓ ተመለሰ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኙትን የአራማይስጥ ቁርጥራጮች ሚሊክ በ1976 ካሳተማቸው በኋላ ደግሞ መጽሐፉ በጥንት ዘመን በአራማይስጥ መጻፉ ተረጋገጠ፤ የብርሃናቱ ክፍል በአራማይስጡ ከግእዙ ይልቅ ሰፊ እንደ ነበረም ታወቀ። ይህ ክፍል ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ነው። በዚያ ዑርኤል የተባለው መልአክ ለሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን ሥርዓት ያሳየዋል። በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት መስኮቶች አሉ፤ ፀሐይ በየወሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈች ትወጣለች፣ ትገባለችም። ዓመቱም 364 ቀን ነው፤ ይኸውም በትክክል 52 ሳምንት ነው።

በዚህ ስፍራ በጥቂቱ መቆየት ይገባናል፤ ስለ መጽሐፈ ሄኖክ በየጊዜው ሁለት የማይረቡ ንግግሮች ይሰማሉና። አንደኛው የዘመናችን የፈለክ ጥበብ ሁሉ በሄኖክ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል የሚለው ነው። ሁለተኛው መጽሐፉን ተረት ነው ብሎ የሚጥለው ነው። መጽሐፉን ራሱን ስንመረምር ግን ሁለቱም ይወድቃሉ። ሄኖክ ቀኑንና ሌሊቱን በአንድነት በ18 ክፍል ይከፍለዋል፤ በረዥሙ ቀን ብርሃኑ 12፣ ጨለማው 6 ክፍል ነው ይላል። በእኛ ሰዓት ብንለውጠው 16 ሰዓት ብርሃንና 8 ሰዓት ጨለማ ይሆናል። በአዲስ አበባ ግን ረዥሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም። እንግዲህ ይህ ቁጥር ከኢትዮጵያ ሰማይ ታይቶ የተጻፈ አይደለም። ሁለት እጅ ለአንድ እጅ የሚለው ልክ በባቢሎን የጥንት የከዋክብት ጽሑፎች የሚገኝ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በአራማይስጥና በግሪክ አልፎ ወደ እኛ የደረሰ መሆኑ ነው። ሊቃውንቶቻችን የመጽሐፉን ቃል ሳይለውጡ መጠበቃቸው ለታሪክ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ቢያርሙት ኖሮ ዛሬ የባቢሎኑን ፈለግ ባላገኘነው ነበር።

በሌላ በኩል መጽሐፉ ዓይን ያየውን በታማኝነት የሚናገርበት ስፍራ አለ። ፀሐይና ጨረቃ በመጠን እኩል መሆናቸውን፣ የፀሐይ ብርሃን ግን ሰባት እጥፍ እንደሚበልጥ ይናገራል። የብርሃኑ ልክ ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ነው፤ ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400 ሺህ ጊዜ ያህል ታበራለችና። ስለ መጠናቸው የተባለው ግን ለዓይን እውነት ነው። የፀሐይ ወርድ 1,392,000 ኪሎ ሜትር፣ የጨረቃ ወርድ 3,474 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፀሐይ 400 ጊዜ ትበልጣለች። ርቀታቸውን ስናይ ደግሞ ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር፣ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ይህም 390 ጊዜ ያህል ነው። ትልቋ በዚያው ልክ ስለ ራቀች እኩል መስለው ይታያሉ። በኢትዮጵያ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላ የነበሩ ሰዎች ይህንኑ በዓይናቸው ተመልክተዋል። ጨረቃ በዚያ ቀን ጥቂት ርቃ ስለ ነበር ፀሐይን ፈጽማ ለመሸፈን አልበቃችም፤ በዙሪያዋ ቀጭን የእሳት ቀለበት ተረፈ።

ስለ አምስቱ ተንከራታቾችስ ሄኖክ ምን ይላል? በብርሃናቱ ክፍል ስማቸውን አያነሣም። ነገር ግን በምዕራፍ 18 እና በምዕራፍ 21 እንደሚነዱ ተራሮች ሆነው የታሰሩ ሰባት ከዋክብት ይታያሉ፤ ጥፋታቸውም በተወሰነላቸው ጊዜ አለመውጣታቸው ነው። እነዚህ ሰባቱ ዘዋሪዎች ናቸው ወይስ አይደሉም በሚለው ሊቃውንት አልተስማሙም፤ መጽሐፉም አይወስንልንም። ሆኖም መልእክተ ይሁዳ ከሄኖክ ቃል ይጠቅሳል፤ በዚያውም መልእክት ሐሰተኞች መምህራን በሚንከራተቱ ከዋክብት ተመስለዋል። የተመሰገነው ኮከብ ጊዜውን የሚጠብቅ ነው፤ ከመንገዱ የሚወጣው ግን የዐመፀኛ ምሳሌ ሆነ። በእንዲህ ያለ ትምህርት ያደገ ሰው ወደ ተንከራታቹ ኮከብ ዓይኑን አንሥቶ መንገዱን ለመጻፍ ባይቸኩል አያስደንቅም።

ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ አምስቱን ከቶ አይፈልጋቸውም። የባሕረ ሐሳብ ሥራ የፋሲካንና ከእርሱ ጋር የሚወጡትንና የሚወርዱትን አጽዋማትና በዓላት መወሰን ነው፤ ለዚህም የፀሐይ ዓመትና የጨረቃ ወር ይበቃሉ። ሥርዓቱ ከእስክንድርያ የመጣ ሲሆን ትውፊቱ ለ12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት የፈለክ ጥበብ ተመራማሪ በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ሙሉ ሆኖ የጠበቀው የኢትዮጵያው ባሕረ ሐሳብ መሆኑን አስረድቷል። በመሠረቱ ቀላልና የተዋበ ነው። የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ይበልጣል፤ በ19 ዓመት ውስጥ ግን ሁለቱ እንደ ገና ይገናኛሉ። ለምሳሌ የ2012 ዓ.ም.ን ብንወስድ 5500 ሲጨመርበት 7512 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 7 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ተትቶ ወንበሩ 6 ነው። 6 በ11 ሲባዛ 66፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 6 ይሆናል፤ 6 በ19 ሲባዛ 114፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 24 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸውና ስሌቱ በራሱ ይፈተናል።

ይህን ያህል የጠነከረ ቁጥር ያለው ሰው ሰማይን ማየት አያስፈልገውም። ጥንካሬውም ድካሙም በዚህ ነው። 235 የጨረቃ ወራት ከ19 ዓመታት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያንሳሉ፤ ልዩነቱ ተጠራቅሞ በ310 ዓመት ያህል አንድ ቀን ይሞላል። ስለዚህ የጣት አንጓ ጨረቃና የሰማይዋ ጨረቃ በዘመናት ብዛት ተለያይተዋል። የኔታ በዚያች ሌሊት ቀና ብለው ቢያዩ ኖሮ የቆጠሩት ቁጥርና ያዩት ብርሃን አንድ እንዳልሆኑ ባስተዋሉ ነበር። እኔም ለማንሣት አልደፈርሁም።

የሳምንቱ ቀኖች ስምም ለዚሁ ነገር ምስክር ነው። በሮም ግዛት የነበሩ ኮከብ ቆጣሪዎች ሰባቱን ቀኖች ለሰባቱ ዘዋሪዎች አከፋፈሏቸው፤ ዛሬም በፈረንሳይኛ ማክሰኞ የማርስ፣ ረቡዕ የሜርኩሪ፣ ሐሙስ የጁፒተር፣ ዓርብ የቬነስ ስም ነው። አውሮፓዊው ገበሬ ምንም ሳያውቅ የዘዋሪዎቹን ስም በየቀኑ ሲጠራ ኖሯል። በእኛ ቋንቋ ግን እሑድ አንደኛ፣ ሰኞ ሁለተኛ፣ ማክሰኞ የሰኞ ማግሥት፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ነው፤ ዓርብ መግቢያ፣ ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት ናት። ቀኖቻችን በቁጥር የተጠሩ ስለ ሆነ ከዋክብቱ ወደ ዕለት ንግግር የሚገቡበት በር አልተከፈተም። አንድ ብቻ በሕዝቡ አፍ በራሱ በአማርኛ ስም የሚጠራ አለ፤ እርሱም አጥቢያ ኮከብ፣ በግእዝ ኮከበ ጽባሕ ነው። ለማለዳ መንገድ የሚነሣ ነጋዴም ሆነ ለኪዳን የሚነሣ ቄስ ያውቀዋል። በምሽት በምዕራብ የሚታየው ብሩህ ኮከብ ያው ራሱ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

የቀሩት ስሞች ከወዴት መጡ? ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ዐጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል ዐረብኛ ናቸው፤ ዐሥራ ሁለቱ መናዝልም ከሐመልና ከሠውር ጀምሮ እስከ ደለውና እስከ ሑት ድረስ እንደዚሁ ናቸው። አጻጻፋቸው ከቅጂ ወደ ቅጂ መለዋወጡም የባዕድ ቃል መሆናቸውን ያሳያል። መንገዳቸውም የታወቀ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በግብፅ ክርስቲያኖች በዐረብኛ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ወደ ግእዝ ተመልሰዋል፤ በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ዕንባቆም ወደ ግእዝ የመለሰው አቡሻክር የተባለው የዘመን ቁጥር መጽሐፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከሊቃውንቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን የአስማትና የዐውደ ነገሥት ጽሑፎችም በዚያው መንገድ ተጓዙ።

የዐውደ ነገሥትን አሠራር የሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስገርመው አይቀርም። ኮከብ ቆጣሪው የጠያቂውን ኮከብ ለማግኘት ከቤት አይወጣም፤ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ለውጦ ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ቁጥር መናዝሉን ይነግረዋል። ኮከብ ቆጣሪ ተባለ እንጂ የሚቆጥረው ፊደል ነው። የባቢሎኑም ሆነ የባግዳዱ ኮከብ ቆጣሪ፣ ሐሳቡ ከንቱ ቢሆንም፣ መሪኅ በዚያች ሌሊት በየትኛው መናዝል እንደ ነበር ማወቅ ግድ ስለ ነበረበት መንገዱን ይጽፍ ነበር፤ ጽሑፉም ለኋለኛው ዘመን ሊቅ መሣሪያ ሆነ። የእኛው ግን ስሙን ብቻ ወረሰ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን በኩል ቁጥር ያለ ኮከብ፣ በጠንቋዩ በኩል ስም ያለ ሰማይ ቀረ። የደረስሁበት ዋና ነገር ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ ለኢትዮጵያ ሕዝቦች ሁሉ የሚሆን አይደለም። በደቡብ ያሉት የቦረና ኦሮሞ አያንቱ የሚሏቸው የቀን ዐዋቂዎች ጨረቃ ከየትኞቹ ከዋክብት ጎን እንደምትወጣ በዓይናቸው እየተመለከቱ ወራቱን ይወስናሉ። አስመሮም ለገሠ በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት ዓመቱ 12 የጨረቃ ወር፣ 354 ቀን ያህል ነው፤ ለቀኖቹም 27 ስሞች ይፈራረቁባቸዋል። ከሚመለከቷቸው ከዋክብት መካከል የሰባቱ ከዋክብት ዘለላ፣ የኦሪዮን ከዋክብትና ከሁሉ የሚያበራው ሲሪየስ ይገኛሉ። እዚህ ቁጥርና ዓይን አልተለያዩም። ነገር ግን ለዚህም ሥራ ሥፍራውን የማይለቅ ኮከብ እንጂ ተንከራታች አይፈለግም።

አሁን ተንከራታቾቹን የተከተላቸው ወገን የት እንደ ደረሰ እንመልከት። በእስክንድርያ በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው በጥሊሞስ ምድርን በመካከል አቁሞ የአምስቱን ወደ ኋላ መመለስ በክብ ላይ በሚዞር ክብ አስረዳው፤ ለ1,400 ዓመት ያህል ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። በ1543 ኮፐርኒኩስ ፀሐይን በመካከል አድርጎ ምድርን ከዘዋሪዎቹ አንዷ አደረጋት። ያን ጊዜ ወደ ኋላ የመመለሱ ምሥጢር ተፈታ። ሁለት ሰዎች በቅሎ ተቀምጠው በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በሚያልፍበት ጊዜ፣ ዘገምተኛው በሩቅ ካለው ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሄድ መስሎ ይታየዋል። ምድርም መሪኅን በ26 ወር ያህል አንድ ጊዜ ስታልፈው መሪኅ የሚመለስ ይመስላል እንጂ አልተመለሰም።

ሆኖም የኮፐርኒኩስ መንገዶች ፍጹም ክብ ስለ ነበሩ ቁጥሩ ከሰማዩ ጋር አልገጠመም። ዮሐንስ ኬፕለር ቲኮ ብራሄ በብዙ ዓመት ድካም የጻፈለትን የመሪኅን መንገድ ይዞ ሲያሰላ በ8 ደቂቃ ቅስት ተሳሳተበት። ይህ የሙሉ ጨረቃ ወርድ ሩብ ያህል ነው። ሌላ ሰው ይህን ያህል ስሕተት ይቅር ባለው ነበር። ኬፕለር ግን ቲኮ እንዲህ ያለ ስሕተት እንደማይሠራ ያውቅ ስለ ነበር ክቡን ጣለው፤ በ1609 የዘዋሪዎቹ ምሕዋር ሞላላ፣ ፀሐይም በመካከሉ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ባለው ነጥብ መሆኗን አሳተመ። በ1619 ደግሞ የርቀትና የጊዜን ሕግ አገኘ። መሽተሪ ከፀሐይ ያለው ርቀት የምድርን 5.2 ጊዜ ነው፤ 5.2 ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 140.6 ይሆናል፤ የዚህ ቁጥር ሥር 11.86 ነው፤ መሽተሪም ፀሐይን የሚዞረው በ11.86 ዓመት ነው። ኒውተን በ1687 የዚህን ሁሉ ምክንያት በአንድ የስበት ሕግ አስረዳ። ዐመፀኛ ተብሎ የተጠረጠረው ኮከብ ከሁሉ ይልቅ ሕግ አክባሪ ሆኖ ተገኘ።

ጋሊሌዮ በ1610 በጥር ወር መነጽሩን ወደ መሽተሪ ሲያዞር በዙሪያው አራት ጨረቃዎች አየ፤ ከዚያ ወዲህ ዘዋሪዎቹ ብርሃን ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ዓለማት ሆኑ። ለፀሐይ የሚቀርበው ዐጣርድ በ88 ቀን ይዞራታል። ቀኑ ከ400 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥል፣ ሌሊቱም ከ170 ዲግሪ በታች የሚያቀዘቅዝ ነው፤ ሙቀቱን የሚይዝለት አየር የለውምና። አጥቢያ ኮከብ፣ ማለት ዝሁራ፣ በመጠን የምድር እኩያ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ውበቱ ግን ከሩቅ ነው፤ ወፍራም አየሩ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ምድሩ 460 ዲግሪ ያህል ይግላል። በዛቢያው ላይ አንድ ጊዜ ለመዞር 243 ቀን ይፈጅበታል፤ ፀሐይን ግን በ225 ቀን ይዞራል። መሪኅ የቀላው ከዛገው ብረት የተነሣ ነው፤ በላዩ ያለው ታላቁ የእሳተ ገሞራ ተራራ የራስ ደጀንን ከፍታ ከአራት እጥፍ ይበልጣል። መሽተሪ በክብደት ምድርን 318 ጊዜ ይበልጣል፤ የሚቆሙበት መሬት ግን የለውም፤ አካሉ ጋዝና በግፊት ብዛት የፈሰሰ ጋዝ ነው። ዙሐል በ29 ዓመት ተኩል ይዞራል፤ ቀለበቱን ሃይገንስ በ1659 አስረድቷል፤ ክብደቱም በመጠኑ ሲመዘን ከውኃ ይቀልላል። የፀሐይ ብርሃን ምድርን በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ሲደርስባት ዙሐልን ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድበታል። በመሪኅና በመሽተሪ መካከል የአለት ስብርባሪ ይዞራል፤ ጅራታም ከዋክብትም ከሩቅ እየመጡ ይመለሳሉ። ሀሌይ ተመልሶ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያሰላው ጅራታም ኮከብ በ1758 ታየ፤ በ1986 ታይቶ ሄዷል፤ በ2061 ይመለሳል።

መንከራተት ዕውቀትን የወለደው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ዊልያም ኸርሸል በ1781 ዩራነስን ካገኘ በኋላ ኮከቡ ከተሰላለት መንገድ ቀስ በቀስ ወጣ። ለቬርዬ የማይታይ ሌላ አካል እየሳበው መሆኑን አሰላ፤ ጋለ የተባለው ሊቅ በ1846 በመስከረም ወር በበርሊን በተነገረው ስፍራ ሲመለከት ነፕቲዩንን ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ልዩነት አገኘው። የዐጣርድ መንገድም በመቶ ዓመት 43 ሴኮንድ ቅስት ከስሌቱ ይወጣ ነበር። እዚህም የተሰወረ ዘዋሪ አለ ተብሎ ተፈለገና ጠፋ፤ ጉድለቱ በኒውተን ሕግ እንደ ነበር አይንሽታይን በ1915 አስረዳ። የዘዋሪዎቹም ቁጥር ራሱ ታሪክ አለው። በ1801 የተገኘችው ሴሬስ ለብዙ ዓመት ከዘዋሪዎች ተቆጥራ ወጣች፤ በ1930 የተገኘው ፕሉቶም እንዲሁ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር በ2006 በፕራግ ተሰብስቦ ሁለቱንም ድንክ ፕላኔት ብሎ ስለ ሰየማቸው ዘዋሪዎቹ ስምንት ሆኑ። ሰባት ነበሩ ብለው ያስተማሩትን የጥንት መጻሕፍት በቁጥር ብቻ የሚነቅፍ ሰው ይህን ማስታወስ ይገባዋል።

አሁን የቀረው የስም ነገር ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን የሚሉት የአውሮፓ ስሞች ሥር ሰድደዋል፤ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል ደግሞ በሥነ ፈለክ መጻሕፍት ይገኛሉ። አንዳንድ ሰው የኋለኞቹን የጥንቆላ ስም ናቸው ብሎ ይሸሻቸዋል። ይህ ለእኔ አይመስለኝም። የዐረብ ሊቃውንት የተመለከቷቸው ከዋክብት ስም ናቸው፤ ጠንቋዩ ተበደራቸው እንጂ አልወለዳቸውም። ማርስም ቢሆን የሮማውያን የጦርነት ጣዖት ስም ነው። ለዝሁራ ግን ከሁለቱም የሚሻል የራሳችን ስም ስላለን አጥቢያ ኮከብን ብንጽፍ እመርጣለሁ፤ ሄኖክና ባሕረ ሐሳብን የሚማር ተማሪም መጽሐፉን አጥፎ ከደጅ ወጥቶ ያንኑ ኮከብ ለጥቂት ሳምንታት ቢከታተልና ቢጽፍ እወድዳለሁ።

በስም በኩል ሀገራችን ፈጽማ ባዶ እጇን አልቀረችም። ያው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2019 የመቶኛ ዓመቱን በዓል ሲያከብር ለየሀገሩ አንድ ኮከብና የእርሱን ዘዋሪ እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት በአንድሮሜዳ ከዋክብት መካከል የሚገኝ፣ ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ያህል የራቀ፣ በባዶ ዓይን የማይታይ ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና፣ ዘዋሪው አቦል ተባሉ። አቦል የታወቀው በ2009 ነው፤ ያስታወቀውም ብርሃኑ አይደለም፤ ዘዋሪው እየሳበው ኮከቡ ራሱ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ሲንከራተት ስለ ታየ ነው። ለቶናና ለበረካ የሚሆን ሌላ ዘዋሪ በቡና ዙሪያ እስካሁን አልተገኘም።